አውቶማቲክ መኪና ለሀገራችን አይሆንም ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ መኪና ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ለኢትዮጵያ መንገድ የሚሆነው ማንዋል ብቻ ነው። አውቶማቲክ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ያሳጣል። ቤንዚን ይጠጣል። ከተበላሸ የሚሠራው አይገኝም። ባትሪ ከደከመ ተገፍቶ አይነሳም። አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ሹፌር አይባልም። ማሳረጊያቸው ልጆቻችሁን ማንዋል ብቻ አስተምሩ የሚል ነው።

ረጋ ብዬ አነበብኩት። እውነት ያለበት ቦታ አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። ዝም ማለት ያቃተኝ ሰው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ መኪና ስለሚገዛ ነው። መኪና እኛ ሀገር የዓመታት ቁጠባ ነው። ከባንክ ተበድሮ፣ ከዘመድ ለቃቅሞ፣ ዕቁብ ጠብቆ የሚገዛ ነው። በወሬ ተገዝቶ በጸጸት የሚሸጥ መሆን የለበትም።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ለሚመላለስ ለአብዛኛው ሰው አውቶማቲክ ይሻላል። ጸሐፊው የዘረዘሩት አደጋ ደግሞ ብዙው የሚመጣው አውቶማቲክ እንዴት እንደሚነዳ ቁጭ አድርጎ ያስተማረን ስለሌለ ነው።

በዳገቱ ልጀምር። ጸሐፊው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ ጠቅሰው፣ አውቶማቲክ ቪትዝ እዚያ ሲያጣጥር አይቻለሁ ይላሉ። እኔም አይቻለሁ። ማንዋል ቪትዝም እዚያው ዳገት ላይ ሲያጣጥር አይቻለሁ። ጥፋተኛው ካምቢዮው አይደለም፤ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ሞተር ያለ በቂ አየር ቤንዚኑን አሟልቶ ማቃጠል አይችልም። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይሰላል። አዲስ አበባ ላይ ሲደመር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው እንዲያውም ከዚያ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። ባለ 1 ሊትር ሞተር ቪትዝ ከፋብሪካ ሲወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። እኛ ጋ ሲደርስ 55 አካባቢ ይቀረዋል። በዚህ ላይ አምስት ሰው ጭኖ እንጦጦ ልውጣ ሲል፣ ማርሹን በእጅ ቀየርነውም ራሱ ተቀየረም፣ ማጣጣሩ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ልመን። አሮጌዎቹ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች ዳገት ላይ በሦስተኛና በአራተኛ መካከል ይዋልላሉ። ያኔ በእርግጥ ጉልበት ያጡ ይመስላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ኦቨርድራይቩን፣ ማለትም ከፍተኛውን ማርሽ፣ ማጥፋት ወይም ዘንጉን ወደ 2 ማውረድ ነው። ይህን የሚያደርግ ሹፌር ግን ስንት ነው? አብዛኛው ሰው መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ከዲ፣ ከተለመደው የወደ ፊት መሄጃ፣ ወርዶ አያውቅም።

ዳገት ላይ ከቆሙበት መነሳት ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አውቶማቲኩ ይበልጣል። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ዕቃ ነው። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩን የማዞር ኃይል እጥፍ ገደማ አድርጎ ወደ ካምቢዮው ይልካል። ብዙዎቹ የቶዮታ ሲቪቲዎችም (በማርሽ ፈንታ በቀበቶና በፑሊ የሚሠሩ አውቶማቲኮች) ይኸው ዕቃ አላቸው። ቸርችል ጎዳና ላይ ወደ ማዘጋጃ ቤት እየወጣችሁ ተሽከርካሪው ሁሉ ቆመ እንበል። ከኋላችሁ ሚኒባስ ተለጥፏል። በማንዋል ከሆነ የእጅ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ ነዳጅ ትሰጣላችሁ፣ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ድረስ ቀስ እያላችሁ ትለቃላችሁ። ጥሩ ሹፌር ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። ገና ስድስት ወር የነዳው ግን መኪናው ሲንሸራተት ይደነግጣል፣ ነዳጁን ይረግጣል፣ ፍሪሲዮኑ መሽተት ይጀምራል። አውቶማቲክ የያዘው ቀኝ እግሩን ከፍሬን ወደ ነዳጅ ያዛውራል፣ አለቀ።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። ጸሐፊው አውቶማቲክ ቁልቁለት ላይ በማርሽ አይያዝም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ስለሚወድቅ ይግላል፣ ከዚያ እምቢ ይላል ብለዋል። የዓባይን በረሃ ጠርተዋል። ይህን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳችኋል። ከነተሳፋሪው 1,300 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 38 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን የሚሸከመው ወይ ሞተሩ ነው ወይ ፍሬኑ። ፍሬኑ ብቻውን ይሸከመው ከተባለ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

አውቶማቲክ በማርሽ አይያዝም የሚለው ግን ትክክል አይደለም። የማርሹ ዘንግ አጠገብ የተጻፉትን ፊደላት ተመልከቱ። ከዲ በታች 2 እና ኤል አሉ። አንዳንዱ መኪና ላይ ኤስ ይላል፣ አንዳንዱ ላይ ቢ ይላል። አንዳንዱ ላይ ዘንጉ ጎን የኦቨርድራይቭ ማጥፊያ ቁልፍ አለች። ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። ዘንጉን ወደ 2 ስታወርዱት ካምቢዮው ከሁለተኛ በላይ አይወጣም። የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ይጮሃል፣ መኪናው ይያዛል። ችግሩ ጩኸቱ ነው። ብዙ ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ መኪናው የተበላሸ ይመስለውና ወደ ዲ ይመልሰዋል። አይመልሰው። የሞተሩ ዙር 3,000 ወይም 4,000 ላይ ቢቆም ምንም አይሆንም፤ ቀዩ መስመር ከዚያ ብዙ ይርቃል። ማድረግ ያለባችሁ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ቀንሶ ማርሹን ማውረድ ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ አይደለም። ፍሬኑን ደግሞ ረገጥ አድርጎ ፍጥነቱን አውርዶ መልቀቅ እንጂ መንገዱን ሙሉ እግር አሳርፎበት መሄድ አያስፈልግም።

ማንዋል በሁለተኛ ማርሽ ሲይዝ አያያዙ ጠንከር እንደሚል አልክድም። በሳምንት ሦስቴ ዓባይን የሚሻገር ሰው ማንዋል ልያዝ ቢል አልከራከረውም። በዓመት አንዴ ለጥምቀት ጎንደር የሚሄድ ሰው ግን ለዚያ አንድ ቀን ብሎ የቀረውን ዓመት ከመገናኛ ሜክሲኮ ፍሪሲዮን ሲረግጥ መኖር የለበትም። 2 እና ኤልን መጠቀም ይማር፤ ይበቃዋል።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አለማንሳታቸው ያሳዝነኛል። ቁልቁለት ሲያገኙ ማርሹን ዜሮ አድርገው የሚለቁት እነማን ናቸው? አብዛኞቹ የማንዋል ነጂዎች ናቸው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ሳይቀር እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ቤንዚን ለመቆጠብ ነው ይሏችኋል። በካርቡሬተር ዘመን የተለመደ ሐሳብ ነው። ዛሬ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ስታደርጉት ግን እንዳይጠፋ ቤንዚን ማቃጠሉን ይቀጥላል። በዜሮ የሚወርድ ሰው ቤንዚንም አልቆጠበ፣ የሞተሩን መያዝም አጣ። ማንዋል መያዝ ብቻውን ከቁልቁለት አያድንም።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ይህ ነጥብ ይመለከታችኋል። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ድንቅ ነገር ነው። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከሆነ ግን ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው የመያዝ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ትልቅ ቁልቁለት ከፊታችሁ ካለ ጫፍ ድረስ ሞልታችሁ አትነሱ። 80 ወይም 85 ላይ ተዉት።

ቤንዚን ይጠጣል ለሚለው ብዙ አልቆይም። ድሮ እውነት ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ አውቶማቲክ ኮሮላ ከማንዋሉ ይበልጥ ይበላል፤ ማርሹም ጥቂት ነው፣ ከሞተሩ ኃይል የተወሰነውም ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ግን ማርሾቹ በዙ፣ ኮንቨርተሩ በፍጥነት ሲሄድ የሚቆልፍ ሆነ፣ ሲቪቲ መጣ። ዛሬ የአንድ ሞዴል ሲቪቲና ማንዋል ሲነጻጸሩ እኩል ናቸው፣ አንዳንዴ ሲቪቲው ይሻላል። የቤንዚን ነገር እንቅልፍ የሚነሳቸው የራይድ ሹፌሮች እንኳ ብዙዎቹ ሲቪቲ ይዘው ይውላሉ። የእናንተን ታንክ የሚያደርቀው ቦሌ መንገድ ላይ ቆሞ የሚንተከተከው ሞተር፣ አየር የጎደለው ጎማና ነዳጁን የሚደበድበው እግር ነው።

ከተበላሸ የሚሠራው የለም የሚለው ላይ ግን ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ድረስ ትክክል ናቸው። የማንዋል ፍሪሲዮን ሲያልቅ ዲስኩ፣ ፕሬዠር ፕሌቱና ኩሽኔታው ይቀየራሉ። ወልዲያም ሆነ ጅማ የሚሠራ መካኒክ ይገኛል። ጠዋት አስገብታችሁ ማታ መውሰድ ትችላላችሁ። አውቶማቲክ ሲበላሽ እንዲህ አይደለም። ከፍቶ የሚጠግን ባለሙያ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ሱማሌ ተራ ሄዶ ሙሉ ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ መግጠም ነው። እሱም ውድ ነው፤ ከውስጡ ምን እንዳለም አይታወቅም። ኑሯችሁ ከአዲስ አበባ ርቆ ከሆነ፣ ሥራችሁ ኮረኮንችና ጭነት ከሆነ፣ ማንዋል ፒክአፕ ያዙ። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

የማልስማማው ቀሪው ግማሽ ላይ ነው። እኛ ጋ የሚሞቱት ካምቢዮዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በዘይት ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሲቪቲ ቪትዝ ሊፍት ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ዳር ቆሟል፤ መኪናው ዲ ሲገባ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም ብሎ ነው የመጣው። መካኒኩ የካምቢዮውን ሳህን ፈትቶ አወረደው። ሲገባ ቀይ የነበረው ዘይት ቡና መስሎ ወጣ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ሳህኑ ወለል ላይ ማግኔቶች አሉ፤ የብረት ብናኝ እንዲይዙ ፋብሪካው ያስቀመጣቸው ናቸው። ስስ ግራጫ ጭቃ ቢይዙ ጤነኛ ነው። እነዚህ ላይ ግን የሚያብረቀርቅ ስብርባሪ ብረት ተጣብቋል። መካኒኩ በጣቱ አሸት አድርጎ ለባለቤቱ አሳየው። ነገሩ ሲጣራ ከወራት በፊት አንድ ቦታ የተለመደውን የአውቶማቲክ ዘይት ሞልተውለታል። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው። ውስጡ ያለው የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ተጨምቆ ሳይንሸራተት እንዲሄድ የሚያደርገው ያ ዘይት ነው። ሌላ ዘይት ሲገባ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይፍቃል፣ ስብርባሪው ዘይቱ ውስጥ ይዞራል። ያ ሰውዬ ምንም አላጠፋም። ዘይት ያው ዘይት ነው ተብሎ ተነግሮታል።

ስለዚህ አውቶማቲክ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ የመኪናችሁን መመሪያ አውጡና የዘይቱን ስም ጻፉት። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። ዘይት ስትቀይሩ ጣሳው ላይ ያ ስም መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ዘይቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል ለሚላችሁ ጆሮ አትስጡ። በእኛ ዳገት፣ በእኛ አቧራና መጨናነቅ ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት እላለሁ። ዋጋው ከሌላ ካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ያገለገለ አውቶማቲክ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ቀለሙንና ወንበሩን ከማየታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ። ሻጩ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ፍሬን ረግጣችሁ ከፒ (ማቆሚያው) ወደ አር (የኋላ ማርሹ)፣ ከአር ወደ ዲ አስገቡት። በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ለስለስ ብሎ መያዝ አለበት። ከዘገየ ወይም ጓ ብሎ ከመታ ጥያቄ አለው። መለኪያ ብረት ካለው ዘይቱን ነጭ ሶፍት ላይ አንጠብጥባችሁ ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱት። ከዚያ ዳገት ላይ አቁማችሁ አስነሱት። ሞተሩ ጮሆ መኪናው ከዘገየ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ተገፍቶ አይነሳም፤ እውነት ነው። ከሌላ መኪና ባትሪ ኃይል መበደሪያ ኬብል መኪናው ውስጥ ይኑራችሁ፣ ባትሪው ሲያረጅ ቀይሩት። መጎተትም እንደ ማንዋል አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕም ስለሚቆም የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ ረጅም መንገድ መጎተት ካምቢዮውን ያደርቀዋል። የፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ፊቱን አንስቶ የሚጎትት ወይም የሚጭን መኪና ጥሩ። በገመድ ካዛንቺስ ድረስ እንጎትተው የሚል ደግ ሰው ቢመጣም አመስግናችሁ እምቢ በሉ።

አሁን ወዳስከፋኝ ነጥብ ልምጣ። አውቶማቲክ የሚነዳ ሹፌር አይባልም፣ ለሰነፍ የተሠራ ነው ብለዋል። አክስቴ ለረጅም ጊዜ ማንዋል ኮሮላ ነድታለች። የግራ ጉልበቷ ታመመና ፍሪሲዮን መርገጥ አቃታት። መኪናዋን ሸጠች። ከዚያ በኋላ የትም ለመሄድ የሚያደርሳት ሰው መጠበቅ ጀመረች፤ ሰው ማስቸገር የማትወድ ሴት ናት። ልጆቿ ተሰባስበው አውቶማቲክ ገዙላት። አሁን ግራ እግሯን ዘርግታ፣ ጫማዋን ላላ አድርጋ ትነዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ደርሳ፣ ሽንኩርቷን ጭና ትመለሳለች። ይህችን ሴት ሹፌር አይደለሽም የሚላት ማነው? በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ግራ እግራቸውን መጠቀም የማይችሉ ብዙ ሰዎች መንዳት የቻሉት አውቶማቲክ ስላለ ነው።

ጤነኛ እግር ላለውም ቢሆን ነገሩ ስንፍና አይደለም። የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሰው ከየትም ይሻገራል፣ ሚኒባስ ያለ ምልክት ይቆማል፣ ሞተረኛ በቀኝ ይሾልካል። ሹፌሩ ትኩረቱ እዚያ መሆን አለበት። ጀማሪ ሆኖ ማርሽ የሚቀይር ሰው ዓይኑ ወደ ዘንጉ ይወርዳል፣ ሐሳቡ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ያንን ትኩረት ለእግረኛው መስጠት ሰውን ማክበር ነው።

አውቶማቲክ የራሱ አደጋ አለው፤ ጸሐፊው ማንሳት የነበረባቸው እሱን ነበር። ዲ ውስጥ ያለ መኪና ፍሬኑን ስትለቁት ብቻውን መሄድ ይጀምራል። ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጅ የሚረግጥ ሰው ደግሞ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቅለት ፍሪሲዮን የለውም። ጃፓን ውስጥ በተለይ አዛውንቶች ላይ ይህ ስህተት እየበዛ መኪና ሠሪዎቹ የሚከላከል መሣሪያ እስከ መግጠም ደርሰዋል። ከማንዋል ወደ አውቶማቲክ የሚሻገረው ሰው ሌላ ችግር አለው። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይፈልጋል። የሚያገኘው ሰፊውን የፍሬን ፔዳል ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ይረግጠዋል፣ መኪናው መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ከኋላ ያለው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ልጆቻችሁን ማንዋል ብቻ አስተምሩ የሚለው ምክር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። በሹፌርነት እንጀራ ሊበላ ለሚፈልግ ልጅ ማንዋል ግዴታ ነው። አይሱዙው፣ ሲኖ ትራኩ፣ ቅጥቅጡ፣ ሃይሩፉ በአብዛኛው ማንዋል ናቸው። ወደ አውሮፓ ለመሄድ የሚያስብም ቢችለው ይጠቅመዋል፤ እዚያ ብዙ ቦታ ፈተናውን በአውቶማቲክ የወሰደ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ አውቶማቲክ ብቻ የሚል ገደብ ይጻፍበታል። ይሁንና ጀርመን እንኳ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማንዋል ቢያንስ አሥር የትምህርት ሰዓት ተምሮ ችሎታውን ያሳየ ሰው ፈተናውን በአውቶማቲክ ወስዶ ሁለቱንም እንዲነዳ ፈቅዳለች። ሁለቱንም ማስተማር ይቻላል ማለት ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ከዚህ አልፏል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ ጎዳናው ላይ የኤሌክትሪክ መኪናው፣ ቢዋይዲውም አይዲ ፎሩም፣ እየበዛ ነው። እነዚህ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም፣ የሚቀየር ማርሽም የላቸውም። ነዳጅ ሲሰጣቸው ከቪትዝም ከኮሮላም በላይ ይፈነጠራሉ። በማንዋል ብቻ የሠለጠነ ልጅ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ወጥቶ የሚቀመጠው እነዚህ ላይ ነው። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ማስነሳት ተምሯል። ግራ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ግን አልተማረም።

ማሠልጠኛዎች ማንዋሎቻቸውን ይጣሉ አላልኩም። ከትምህርቱ ሰዓት ጥቂቱን ለባለ ሁለት ፔዳል መኪና ይስጡ ነው የምለው። ግራ እግር ማረፊያው ላይ ተቀምጦ እንዲቀር፣ ፍሬንም ነዳጅም በቀኝ እግር ብቻ እንዲረገጥ፣ ፓርክ ሲደረግ በፍሬኑ ቁጥጥር ቀስ ተብሎ እንዲገባ፣ ቁልቁለት ላይ 2 እና ኤል እንዲለመዱ። ይህን የሚያስተምር ማሠልጠኛ ካጣችሁ፣ የልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ልምድ ያለውን አስተማሪ በራሳችሁ መኪና ላይ ከልጁ አጠገብ አስቀምጡትና ለተጨማሪው ሰዓት ክፈሉት።